የባለጋራው ዋስ

«ባለጋራዬ ሞቱብኝ፣ መምህር።»

ባለፈው ጥር፣ በቡሬ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ደጄ ላይ የቆመው ሰው ከሰላምታም በፊት የተናገረው ይህን ነው። ከፍኖተ ሰላም በርበሬ ሊጭን በመጣ መኪና ተሳፍሮ መድረሱ ነበር። በርኖሱ አቧራ ለብሷል፤ ዱላውን ከበሩ መቃን አስደግፎታል። ጥሩነህ ነው፤ የፈረስ ቤቱ ጥሩነህ። ሞቱብኝ የሚላቸው ደግሞ አያ ይስማው ናቸው።

በፍኖተ ሰላም ሳስተምር ሁለቱን ሰዎች የማውቃቸው በአንዲት የጤፍ ማሳ ሲካሰሱ ነው። ባለጋራው የሞተ ሰው ሌላው ቢቀር ፊቱ ላይ ትንሽ እፎይታ ይታይበታል ብዬ እገምት ነበር። የጥሩነህ ዓይን ግን ቀልቷል።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«በገና ማግሥት። እኔ ሳልደርስ ቀበሯቸው። ቀጠሯችን እኮ ለየካቲት ነበር። ምን አጣደፋቸው?»

ጥሩነህ እኔ ዘንድ ለምን እንደመጣ ከመናገሬ በፊት አያ ይስማው ማን እንደነበሩ ማስረዳት አለብኝ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ነገርን በቅደም ተከተል ማስቀመጥም እወዳለሁ። በእሳቸው ነገር ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል። አሁንም ሁሉ ገብቶኛል አልልም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም የገባሁ ዓመት ነው። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተሰጠኝ። አንድ ቀን ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ጥቁር ሰሌዳውን ሳጠፋ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ» አሉኝ።

ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነበር፤ እሳቸው አባቴን በአሥር ዓመት ይበልጣሉ።

ከጋቢያቸው ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ነጋሪት ጋዜጣ ነው። እንደሚታወቀው ገጹ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ወገን አማርኛው፣ በሌላው ወገን እንግሊዝኛው።

«ይኸኛውን ወገን አነባለሁ። ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ፊደል አልፈራም። ያኛው ወገን ግን ምን ይላል?»

«ያው ነው አያ። ያንኑ በእንግሊዝኛ ነው የሚለው።»

«ያው መሆኑን በምን አወቁ? አመሳክረዋል?»

አላመሳከርኩም ነበር።

«እህሳ! ሁለት ምስክር በአንድ ቃል ተናገሩ የሚባለው ሁለቱም ሲሰሙ ነው። አንዱን ብቻ ሰምቼ በርስቴ እንዴት ልከራከር?»

በዚሁ ትምህርት ጀመርን። ማክሰኞና ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ላይ። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስማቸውን በመዝገብ አስገብቼ በመጡ ቁጥር ምልክት አደርግ ነበር። አንድም ቀን አልቀሩም። እንዲያውም እኔ ስደርስ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን እግራቸው ሥር አጋድመው ነው የማገኛቸው።

አማማራቸውም እንደሌላው ተማሪ አልነበረም። አዲስ ቃል በሰሌዳው ላይ ስጽፍ «ይቅረብ!» ይላሉ። ትርጉሙን ስነግራቸው ይሰሙና፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቀው፣ ሲበቃቸው «ይሰናበት» ይላሉ። መናገር ሲጀምሩ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ግራ ትከሻቸው ያነሣሉ፤ ሲጨርሱ ይለቁታል። መጀመሪያ ላይ ይህን ባለማወቄ ብዙ ጊዜ አቋርጫቸዋለሁ። ዝም ብለው ሳሉ ጋቢው ትከሻቸው ላይ ካለ ገና አልጨረሱም። ይህንንም በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌዋለሁ።

ያን ጊዜ ሌላም ደብተር ነበረኝ። በተለያየ ቋንቋ አንድ ዓይነት ድምፅ ኖሯቸው ትርጉማቸው የማይገናኝ አጫጭር ቃላትን የምሰበስብበት ነው። ገጹን በማስመሪያ ከፋፍዬዋለሁ። ለምሳሌ «ማን» እኛ የምንጠይቅበት ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሰው ማለት ነው። «ሺ» ለእኛ ቁጥር ነው፤ ለእነሱ እሷ ማለት ነው። ለአያ ይስማው ሳሳያቸው ቋንቋዎቹ ዝምድና እንደሌላቸው፣ ነገሩ አጋጣሚ ብቻ እንደሆነ ደጋግሜ አስረዳሁ።

«ሰውን ማን ይሉታል?» አሉ። «ደግ ጠይቀዋል። መልሱን አገኙት?»

«ጥያቄ አይደለም አያ፤ ስም ነው።»

«ሴቲቱንስ ሺ ማለታቸው? ይኸስ እውነት ነው። የእኔ ልጅ የሺ አንዲት ናት፤ ግን ሺ ናት።»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

አንድ ሐሙስ «ገበሬ ነበረ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። «ነበረ» የሚለውን ቃል በጣታቸው አመለከቱ። ሦስቱን ፊደል አንድ በአንድ ለቅመው፣ እኔ «ዎዝ» እያልኩ እሳቸው «ዋስ» አሉት።

«ይቅረብ። ምን ማለት ነው?»

«ነበረ ማለት ነው።»

የጋቢያቸው ጫፍ ትከሻቸው ላይ ወጣ። «ባለፈ ነገር ላይ ሁሉ ይገባል?»

«በብዙው ላይ ይገባል።»

«ልክ ናቸው። ያለፈ ነገር ዋስ ካልተጠራለት ማን ያምነዋል?»

የእኛ ዋስ ከግዕዙ «ዋሕስ» የመጣ፣ ለሌላው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መጠሪያ እንደሆነ፣ የእንግሊዞቹ ግን ሰውም ነገርም ሳይሆን ጊዜን የሚያመለክት ቃል እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። በሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሥዬ በመካከላቸው ወፍራም መስመር አሰመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ገብቶኛል፣ የኔታ። ዘመድ አይደሉም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንድ ደጃፍ ላይ ተገናኝተዋል። ይሰናበት።»

እቤቴ ስገባ የተማረው ማን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ክርክራቸው ይህ ነው። ከላህ ወንዝ ማዶ አንዲት ማሳ አለች። አያ ይስማው ከአባታቸው ወርሰው ያርሷታል። ጥሩነህ ደግሞ ከደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት ድረስ ወርዶ «የቅድመ አያቴ ድርሻ አለባት» አለ። ሁለቱም የአንዲት ሴት ዘር ናቸው፤ የጥሩነህ ወገን ሴትዮዋ ወደ ደጋ ከዳሯት ልጅ የተወለደ ነው። እኔ ስመጣ ክርክሩ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

በሰኔ አንድ ቀን አያ ይስማው «የኔታ፣ መጥተው ይስሙን» ብለው ወሰዱኝ። ችሎት ፊት ጥሩነህ ሲናገር እሳቸው አንዲት ነገር ጣል አደረጉበት፤ «ደገኛ ከብርዱ የተነሣ ግማሹን ቃል ይውጠዋል» ብለው። ሰው ሳቀ። ጥሩነህ ደሙ ፈላና ዱላውን አነሣ። ፖሊሱ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያዘው። ዳኛው በቀጠሮው ቀን አቀርበዋለሁ ብሎ የሚፈርም ዋስ ካላገኘ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ታስሮ እንዲቆይ አዘዙ።

«ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን አለ?» ተብሎ ተጠራ። ማን ይኑር? የመጣው ከሩቅ አገር ነው። ሁለተኛ ተጠራ። ያን ጊዜ የጋቢው ጫፍ ትከሻ ላይ ሲወጣ አየሁ።

«እኔ አለሁ» አሉ አያ ይስማው።

ችሎቱ ተንጫጫ። «ፍየል ለነብር ዋስ ሆነች!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ፍየሏም ቀንድ አላት!» አሉ ሳይዞሩ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «አያ ይስማው፣ ዱላ የተነሣው በእርስዎ ላይ አይደለም?»

«በእኔ ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«እሱ ከታሰረ እኔ ከማን ጋር እከራከራለሁ? ደግሞስ በዚህ አገር ከእኔ በቀር ምን ዘመድ አለው? የሚያካስሰንስ ዝምድናችን አይደለም?»

ፈረሙ። ስንመለስ በመንገድ ላይ የነገሩን አደጋ በሦስት ነጥብ ከፍዬ አስረዳኋቸው። ሰውየው ሩቅ ነው፤ ተቆጥቷል፤ ካልመጣ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።

«ይመጣል» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ክርክር ያውቃላ።»

በሐምሌው ቀጠሮ ጥሩነህ አልመጣም። ሦስት ጊዜ ስሙ ተጠራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ከመደብደብ በቀር የመለሰ የለም። ዳኛው ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ ተከራካሪው ስላልቀረበ አያ ይስማው ከፈለጉ በሌለበት ተፈርዶ ማሳዋ ትጸናላቸዋለች። ሁለተኛ፣ ሰውዬውን እስኪያቀርቡ ድረስ እሳቸው ይታሰራሉ።

ሁሉም እንዲህ አሰበ፤ መታሰሩስ ክፉ ነው፣ ግን መሬቷን ረቱ። እኔም እንዲሁ አሰብኩ።

«እታሰራለሁ» አሉ አያ ይስማው። «መሬቷን ግን አልቀበልም።»

«ለምን?»

«ሰው በሌለበት መርታት ጥላ መምታት ነው፤ ድምፁ አይሰማ፣ ደሙ አይፈስ። ሌላ ቀጠሮ ይስጡን።»

እንግዲህ ወሩ ሐምሌ ነው፤ የጤፍ መዝሪያ። ማሳዋ ታርሳ፣ ለስልሳ፣ ዘር ብቻ ትጠብቃለች። የሚዘራ ወንድ በቤቱ የለም፤ ያለችው የሺ ብቻ ናት። ሁለት ሳምንት ካለፋት የዚያ ዓመት እህል የለም ማለት ነው። የሺ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ ለእሱ ብለው ነው እኛ የምንራበው?» ስትላቸው ሰምቻለሁ። መልስ አልሰጧትም። ጋቢው ግን ትከሻቸው ላይ ነበር።

ማክሰኞና ሐሙስ እየሄድኩ በአጥሩ ቀዳዳ ትምህርቱን ቀጠልን። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስሜን በመዝገቡ ጠርተዋል?» ብለው ነው። ተገኝተዋል ብዬ ምልክት ማድረጌን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

በዚያው ሰሞን የወፍጮ ሞተር ሊተክል መጥቶ ዝናብ ከተማው ውስጥ ያስቀረው አንድ ጀርመናዊ ነበር። ስናነጋግረው ሁሉ «ቫስ? ቫስ?» ይላል። ጻፍልኝ አልኩት። ጻፈው፤ ያችው ሦስት ፊደል ናት! በእነሱ ቋንቋ «ምን?» ማለት ነው። በደብተሬ አዲስ ዓምድ ከፍቼ አስገባሁትና ወደ እስር ቤቱ ሮጥኩ።

አያ ይስማው ሦስቱን ፊደል በጣታቸው አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው፤ ከፊት ጥርሳቸው ሁለቱ እንደሌሉ ያወቅሁትም ያን ቀን ነው።

«ይመልከቱ እንጂ፣ የኔታ! አንዱ ‹ነበረ› ይላል። አንዱ ‹ምን?› ይለዋል። ሦስተኛው ‹እኔ አለሁለት› ይላል። ችሎት ማለት ይኸው አይደለም? እርስዎ በሦስት ቤት አሰሯቸው እንጂ ነገራቸው አንድ ነው።»

አይደለም ለማለት አፌን ከፈትኩ። መቶ ምክንያት ነበረኝ። ግን ሰውየው የታሰሩት በዚያች ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ደብተር ይዤ ውጭ ቆሜአለሁ። ደብተሬን አጠፍኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጥሩነህ መጣ። እዚያው ነበርኩ። እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ፣ ዱላውን ወንዝ ወስዶበት፣ ዘበኛው ፊት ቆመ።

«ዋሴን ፍቱልኝ። ሰውየው እኔ ነኝ።»

ከውስጥ ድምፅ መጣ። «አንተ ደገኛ! ያስቀረህ ዝናብ ነው ፍርሃት?»

ጥሩነህ አንገቱን ደፋ። «ክፋት ነው፣ አያ ይስማው። አልመጣም ብዬ ነበር። ገበያ ላይ ‹ባለጋራህ በአንተ ፋንታ ታስሮልሃል፣ ተገላገልክ› ሲሉኝ ግን እህል አልወርድ አለኝ።»

«ዘሬን አስቀረህብኝ እኮ!»

ዳኛው ሁለቱንም ተቆጥተው፣ አዲስ ቀጠሮ ሰጥተው ለቀቋቸው። ጥሩነህ ግን አገሩ አልተመለሰም። በበነጋው የአያ ይስማውን በሬዎች ጠምዶ ማሳዋን ዘራላቸው፤ ያችኑ የሚካሰሱባትን ማሳ! አራት ቀን ከአንድ ገበታ በሉ። ገበታው ላይ ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም ነበር። በቀጠሮው ቀን ሄጄ ስሰማ ግን ከበፊቱ የባሰ ተከራከሩ። «ይህ ሰው ማሳዬን ዘርቶ ሲያበቃ የእኔ ናት ይላል!» ይላሉ አንዱ። «የራሴን መሬት ብዘራ ምን ይደንቃል?» ይላል ሌላው። እኔ የማንን ወገን እንደምይዝ ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቡሬ የተዛወርኩት። ስሰናበታቸው «የእንግሊዝኛውን ወገን ሳልጨርስ ሄዱብኝ» አሉ። በበዓል እመጣለሁ አልኳቸው። ሳልሄድ ቀረሁ።

እንግዲህ ጥሩነህ ደጄ ላይ የቆመው ይህ ሁሉ አልፎ ነው። አስገባሁት። ውኃ ጠጣና ወደ ነገሩ ገባ።

«የሺ ብቻዋን ቀረች። በየካቲት በአባቷ ፋንታ ትቀርባለች። ክርክር አታውቅም፤ ምን ብላ ትመልስልኛለች? የፍኖተ ሰላም ማመልከቻ ጸሐፊዎች ቢሰሙ ይስቁብኛል። አያ ይስማው የሚሉትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይጻፉላት።»

«እንዲህ ካሰብክላት ክሱን ለምን አትተውላትም?»

ደነገጠ። «ምነው መምህር! መሬቷን እኮ እፈልጋለሁ። እንዲሁ ብተውላት ለአያ ይስማው ዘር ምጽዋት ሰጠሁ ማለት ነው። እንዲሁ ብወስድባት ደግሞ ሰረቅሁ።»

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ጥሩነህ መጀመሪያ የራሱን ክርክር ይናገራል። ከዚያ የበርኖሱን ጫፍ ወደ ግራ ትከሻው ያነሣና «እንዲህ ስላቸው፣ እሳቸው እንዲህ ይሉኝ ነበር» ይላል። ድምፁ ይወፍራል፤ ዓይኑን ያጠባል። ድርሻችሁ በከብት ተሰጥቷል ይሉ ነበር። የሴትዮዋን ተዝካር ያወጣን እኛ ነን ይሉ ነበር። ነበር፣ ነበር፣ ነበር። አንድ ሁለት እያልኩ ቁጥር ሰጠሁት፤ ሰባት ነጥብ ሆነ። ማንበብ ስለማይችል ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«አለቀ?»

«አለቀ» አለ።

ወረቀቱን አጥፎ በጉያው ከተተ፤ ዱላውን ይዞ ወጣ። የበርኖሱ ጫፍ ግራ ትከሻው ላይ እንደነበረ አየሁ። አይቼም ምንም አላሰብኩም።

ለምሳ ስነሣ በሩ ተንኳኳ። ጥሩነህ ነው፤ ላብ አጥምቆታል።

«ስምንተኛ አለ» አለኝ።

«ረስተኸው ነው?»

«አልረሳሁትም።» ተቀመጠ፤ መልሶ ተነሣ። «ማሳዋን ስዘራላቸው ጊዜ ገበታ ላይ ነገሩኝ። አያቴ ለሴትዮዋ ተዝካር ወርዶ፣ የድንበሩን ድንጋይ በገዛ እጁ ተክሎ፣ ‹ከዚህ ወዲህ ድርሻ የለኝም› ብሏል። ከድንጋዩ ሥር የተሰበረ ማረሻ ቀብሮበታል። ቢቆፈር ይገኛል።»

«እውነት ነው?»

«አያቴም በልጅነቴ ነግሮኛል።»

«እሳቸው ለሌላ ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ለየሺም አልነገሯትም። ‹ጦሬን ሳላሳይህ አልወረውርብህም› አሉኝ። እንደማይሆንልኝ እያወቅሁ ለጦሩ ቀን ስዘጋጅ ነበር። ይህችን ነገር በየካቲት ችሎት ፊት ሊያነሷት ነበር።»

ብዕሬን አነሣሁ፤ አልጻፍኩም። ይህ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ መረዳቱን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ማስረዳት ሥራዬ ነው።

«ጥሩነህ፣ የሺ ይህን ካለች ትረታሃለች።»

«አውቃለሁ። መኪናው ላይ ወጥቼ ነበር እኮ። ሞተሩም ተነሥቶ ነበር።» ግድግዳውን እያየ ተናገረ። «ከእኔ በቀር የሰማ የለም፣ መምህር። እኔ ካላልኩት አላሉትም ማለት ነው።»

«ስምንተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ቃል በቃል ነገረኝ፤ ቃል በቃል ጻፍኩ። ስጨርስ አነበብኩለት፤ ማረሻዋ ላይ ስደርስ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ የበርኖሱን ጫፍ ከትከሻው ለቀቀው።